የሺሐረግ በአራት መስመር

አንዲት ወረቀት መጣች ከአዲስ አበባ፣ ማኅተም ያረፈባት፤
«ፖስታ የምትለይ ማሽን ገብታለች፤ አድራሻ ጻፉ እንደሚገባት።
አራት መስመር ብቻ፤ ከግራ ጠርዝ ይነሣ፤
ስም፣ ቀበሌ፣ ሣጥን፣ ከተማ፤ ቅደም ተከተሉ አይረሳ።
ሰረዝ አይግባበት፣ ፊደሉ አይዝመም፣
ከከተማው ስም ሥር ነጥብ እንኳ አይታተም።
ጥቁር በነጭ ይሁን።
ቀይ ቀለም አታይም።»

ቀይ አታይም!
አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። የማርያም ስም ላይ ሲደርስ
ጥቁሩን ብርዕ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
ቀዩን ያነሣ ነበር።
እኔ ቀለም የምገዛ በካርቶን፣ ከፒያሳ፣ ተከራክሬ ነው።

የቁጠባ ማኅበራችን አባል ስድስት ሺህ ከምናምን።
የሞሉትን ቅጽ ገለጥሁ፦
«ከሳሙና በር ወረድ ሲሉ፣ ወፍጮው ሲያልቅ በስተቀኝ፣
የፈረሰ ካብ አለ፤ ከካቡ ማዶ ጠይቁኝ።»
«አዘዞ። ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት። በሩ ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ዝጓል።»
«ውሻ አለ። ከውጭ ሆናችሁ ተጣሩ፤ ልጁ ይሰማል።»

ሰው ቢይዘው ይደርሳል ይህ፤ ማሽን ካብ ምን ታውቃለች?
ውሻም አይጮኽባት፤ በሰዓት ስንት ሺህ ትውጣለች።
ቆረጥሁት። ካቡን ቆረጥሁ፣ ወፍጮውን፣ ሰማያዊውን በር፤
የቀረው ስም፣ ቀበሌ፣ የሣጥን ቁጥር፣ ጎንደር።

ከዚያ የሺሐረግ መጣች።
በሐመሩ ሐ ስትጻፍ ተቀማጭ ነበራት፣
በሃሌታው ሀ ዕዳ፤
«የሻረግ» ብሎ የቸኮለ ጸሐፊ የበግ ማድለቢያ ሰጣት፣
«የሽሐረግ» ያላት ደግሞ ቅጣት፣ ከስብሰባ ቀርታ።
አንዲት ሴት አራት ሆነች፣ በአራት ፖስታ ተላከች፤
አንደኛዋ ተመሰገነች፣ ሁለተኛዋ ተከሰሰች።

አባቴ ሐረግ ሲል ከገጹ ራስ የሚሳል ጌጥ ነው፣
ሄዶ ሄዶ ራሱን የሚቋጥር፤
መምህሬ ሐረግ ስትል ማሰሪያ ያጣ ነገር፤
እናቷ ስሙን ስታወጣ አጥር የሚወጣውን አስባ ነበር።
ማሽኗ ግን፦ «ከአምስት ፊደል ሦስተኛው አልተለየም።»

ፖስታው ደግሞ መስኮት አለው፣ ላስቲክ የለበሰ፤
ወረቀቱ ወደ ጎን በጣት ስፋት ከፈሰሰ
«የሺ» ብቻ ይታያል። ሺው ተርፎ ሐረጉ ይቆረጣል።

አራቱም በወሩ ተመለሱ።
ይዤ ወረድሁ በእግሬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤
ወፍጮው ዘግቷል፤ ካቡ አለ፤ ከካቡ ማዶ፣ ከግራር ጥላ
ሥር፣ ሽንኩርት የምትመድብ ሴት።
«የሺሐረግ ድልነሣ?»
«የትኛዋ?» አለች፤ ወሬው ቀድሞኛል።
እጇን ጠርጋ ፖስታዎቹን አንድ ባንድ አገላበጠች፣
«ባለዕዳዋን ለማሽኗ መልሺላት፤ ተቀማጯ ትቅረኝ» አለች።
ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ።
ዕዳውን ግማሹን ከፍላዋለች፣ በየሻረግ ስም፤
ደረሰኙ ከጉያዋ ወጣ፣ በላብ የለሰለሰ፤
መዝገባችን ላይ የለም።

ሰኞ ሐመሩን መረጥሁ፤ ሌሎቹን ሰረዝሁ።
አራት መስመር። ጥቁር። ከግራ ጠርዝ። እንደታዘዝሁ።
ከዚያ የቀዩን ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር ጎተትሁና
ከጎንደር በታች፣ ነጥብ እንኳ በተከለከለበት ባዶ፣
በደቃቁ አተምሁ፦
«ወፍጮው ሲያልቅ በስተቀኝ። የፈረሰ ካብ አለ።»

አታይም አይደል? አትይ።
ከቀበሌው ሣጥን አውጥቶ የሚያደርስ ልጅ ዓይን አለው።

ስድስት ሺህ ከምናምን ነው።
ዛሬ «መ» ላይ ደርሻለሁ፤ ቀዩ ሊያልቅብኝ ነው።